ካርታ ያለው ጭቃ ቤት

በሆሳዕና ቤት ልገዛ ነው ብሎ ማሰብ በራሱ ማስታወቂያ ነው። ማታ ከባለቤትዎ ጋር ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «እስቲ ከኪራይ እንውጣ» ካሉ፣ ጠዋት ወደ ሥራ የሚያደርስዎ የባጃጅ ሹፌር በመስታወቱ አሻግሮ እያየ «ጋሼ፣ እስከ ስንት ድረስ ነው ያሰባችሁት?» ይልዎታል። ማን ነገረህ ብሎ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። ወሬው በቧንቧ ነው የሚሄደው እንዳንል፣ ቧንቧው እንኳ በየቀኑ አይመጣም።

ከዚያ ወዲህ ያገኘዎት ሁሉ የራሱን ሰፈር ያሻሽጣል። ዓመቱን ሙሉ «ክረምት ሲገባ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው ቤቴ የምደርሰው» እያለ ሲያማርር የኖረ የሥራ ባልደረባዬ፣ ቤት ፈላጊ መሆኔን በሰማ ማግስት «እኛ ጋ ና እንጂ! አየሩ ብቻ መድኃኒት ነው» አለኝ። ጭቃውስ ብለው «ጭቃ የትም አለ» ብሎ ዘጋው። ስለሚወደኝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰፈሩ ሰው በበዛበት መጠን ጠጠሩ ቶሎ ይፈስሳል፤ ለመብራት ምሰሶ በሚዋጣው ላይም አንድ ስም ይጨመራል። ገና ቤት ሳልገዛ መዋጮ ተመድቦብኝ ነበር።

አቅማችን የታወቀ ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ እኔ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። እቁብ ጥለናል፤ ለብድርና ቁጠባው ማኅበር ከደመወዛችን በየወሩ ተቆርጧል፤ በመጨረሻም የአባቴ አንዲት ጊደር ተሽጣ ገንዘቡ ከኛው ጋር ተደባልቋል። በጊደሯ ምክንያት አባቴ በቤቱ ጉዳይ ላይ ሙሉ ድምፅ አላቸው። ይህ ሁሉ ተደምሮ በሆሳዕና ከሁለት አንዱን ይገዛል፤ ወይ መሐል አራዳ የአንድ ቤት በረንዳ፣ ወይ ዳር ላይ በረንዳ የሌለው ቤት። ባንክም ጠይቀናል። ለብድር ካርታና ፕላን ያለው፣ በብሎኬት የተሠራ ቤት፣ በዚያ ላይ የወር ክፍያውን የሚሸከም ገቢ ያስፈልጋል ተባልን። ይህን ሁሉ የሚያሟላ ሰው ብድር ምን ያደርግለታል ብዬ ባለሙያዋን ልጠይቃት ነበር፤ ግን ጨዋ ልጅ ናት፣ እስከ በሩ ድረስ ሸኘችን።

ዋጋውን ማን ሰቀለው? እዚህ ከተማ ሕፃን ልጅ ቢጠየቅ «ደቡብ አፍሪካ» ይላል። አፓርታይድ በ1986 ካከተመ ወዲህ ከሀዲያና ከከምባታ ወደዚያ የወጣው ሰው እየበዛ ሄዶ፣ ዛሬ አንድ ሰው ያልላከ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። ጆሃንስበርግ ያለው የጄፔ ገበያ ለብዙዎቻችን ከመርካቶ ይልቅ ይቀርበናል። አገር ቤት ጊምቢቹ ያሉ የአጎቴ ልጆች ደርባንን ካርታ ላይ አሳዩ ቢባሉ ይቸገሩ ይሆናል፤ የራንድን ምንዛሪ ግን ከሰዓት በፊትና ከሰዓት በኋላ ለይተው ይነግሩዎታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር የተባለ ዕለት፣ ልጃቸው እዚያ ያለች ጎረቤታችን ቡና አፍልታ ጠራችን። እኛ ቡናውን ጠጥተን ቤታችን ገባንና ካልኩሌተር ይዘን ተቀመጥን። የቆጠብነው ብር ቁጥሩ አልተነካም፤ ቤቶቹ ናቸው አንድ ቀን አድረው የራቁን።

ነገሩን የሚያከብደው ተፎካካሪዎ የማይታይ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ሊች አምባ ውስጥ አንድ ግቢ ልናይ ገባን። እኛ ጣሪያውን ቀና ብለን ስንመረምር አንድ ጎረምሳ ስልኩን ከፍ አድርጎ እንደያዘ ከኋላችን ገባ። ግቢውን ዞረ፤ ጉድጓዱን አሳየ፤ ግድግዳውን ኳኳ። ከስልኩ ውስጥ ድምፅ መጣ፤ «ሰላም ናችሁ? እህቴ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ገለል በይልኝ፣ ከጀርባሽ ያለውን ምሰሶ ላየው ነው።» ባለቤቴ ገለል አለች። ሰውየው ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ሱቁ ውስጥ ብርድ ልብስ በተደረደረበት መደርደሪያ ፊት ቆሞ፣ ምሰሶውን አየና ጠቅላላውን ዋጋ እዚያው ተናገረ። ባለቤቱ እኛን እንኳ ደህና ዋሉ ሳይለን ወደ ስልኩ ዞረ።

ልናደድበት አልቻልኩም። እዚያ የሚደረስበትን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። መጋቢት 15 ቀን 2012 ሞዛምቢክ ውስጥ በቴቴ ግዛት፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ሰዎች አየር አጥሯቸው ሞተው ተገኝተዋል። ያ ወሬ የተሰማ ሰሞን ስንት እናት ስልክ ጨብጣ እንዳደረች የዚህ አገር ሰው ያውቃል። በዚያ መንገድ አልፎ የደረሰ ሰው ቤት አስወደደብኝ ብሎ መቆጣት ነውር ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ ካየናቸው ትላልቅ ቤቶች በአንዳንዶቹ የሚኖረው ዘበኛው ብቻ ነው። ባለቤቱ ለመስከረሙ በዓል ለያሆዴ ከመጣ መጣ፤ ካልመጣ መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ላስቲክ ሳይነሳ ሌላ ዓመት ይገባል። ዘበኛው አራት መኝታ ባለው ግቢ ጥግ፣ በቆርቆሮ ክፍል ይተኛል። እኛ አራት ነፍስ ሆነን በአንድ መኝታ እንከራያለን። ይህን ሒሳብ የሠራው ሰው አንድ ቦታ ላይ ተሳስቷል።

ሕጉን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ጭራሽ ይደነግጣል። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያው እስከ 500 ካሬ ሜትር መያዝ ይችላል ተብሎ ነበር። አባቴ ያን ዘመን ያስታውሱታልና ስለ 140 ካሬ ግቢ ሳነሣላቸው «የዶሮ ነው የቤት?» ይላሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም። ይህን የማያውቅ ደላላ የለም። ወደ አንድ ጎን ያዘመመ፣ ጭቃው የረገፈ፣ ማገሩ የሚታይ ጎጆ ፊት አቁሞኝ፣

«የሚገዙት እንግዲህ ቤቱን ነው፣ ጋሼ» አለኝ አንዱ።

«ይህን?»

«ይህን።»

«መሬቱስ?»

«መሬት አይሸጥም» አለ፤ ሕግ አክባሪ መሆኑ ፊቱ ላይ ያበራል።

ውሉ ላይም የሚጻፈው እንደዚያው ነው፤ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት። ዋጋው በክፍሎቹ ስፋት ቢካፈል ጭቃው ከውጭ አገር ሴራሚክ ይበልጣል። በነጋታው ገዢው ያን በውድ የተገዛ ጭቃ ያፈርሰዋል።

ጨረታ ለምን አትገቡም ያሉንም ነበሩ። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቦታ እስከ 99 ዓመት ይፈቅዳል። ይህን ለአባቴ ሳስረዳቸው ረጅም ጊዜ አሰቡና «ከ99 ዓመት በኋላ የት ልትሄድ ነው?» አሉኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር፤ መልስ ሲጠብቁ አየኋቸው። ደግነቱ መልሱን ጨረታው ሰጠልን። ከኛ በላይ የሰጡት ሰዎች ብዛት የ99 ዓመቱን ጭንቀት አቃለለልን።

እንግዲህ መሐሉ እምቢ ካለ ዳር ነው። ዳር ማለት ከቦቢቾም ከጀሎ ናራሞም አልፎ፣ ባጃጁ «ከዚህ ወዲያ አልሄድም» የሚልበት፣ የከተማው ዳርቻ ከእንሰቱ ጋር የሚገናኝበት ነው። እዚያ ዋጋው ልብ ያሞቃል። ግቢው ሰፊ፣ አቮካዶው ያፈራ፣ ሻጩም ደግ አርሶ አደር፤ እርጎ ይዘው ነው የሚቀበሉዎት። ጉዳዩ ወረቀቱ ላይ ነው።

«ውሉ የምን ውል ነው?» አልኩት ደላላውን።

«የብድር።»

«እኔ ልገዛ እንጂ ላበድር አልመጣሁም።»

«በወረቀት ያበድራሉ፤ በተግባር ይገዛሉ።»

«ብሩ ካልተመለሰልኝስ?»

«ካልተመለሰማ ጥሩ ነው፤ ቤትዎ ሆነ ማለት ነው።»

«ከተመለሰልኝስ?»

ደላላው አቮካዶውን አየ። «እሱ ነው ችግሩ» አለ።

በብዙ የአገራችን ከተሞች ዳርቻ ያለ ነገር ነው። የገጠር መሬት ስለማይሸጥ ሽያጩ በብድር ወይም በስጦታ ስም ይጻፋል፤ ሁለት ሽማግሌ ይፈርማል፤ ገዢው በጨረቃ ብርሃን ጣውላውን አቁሞ ቆርቆሮውን ይመታና ሲነጋ ጎረቤት ይሆናል። ቦታው ርካሽ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። ከተማው ሰፍቶ ዋጋው ሲሰቀል የአርሶ አደሩ ልጅ ከደርባን ይመጣና ያን የተጻፈ ብድር አንድም ሳያጓድል ቆጥሮ ይመልሳል። ዕዳውን የሚከፍል ሰው ምን ተብሎ ይከሰሳል? የማስፋፊያ ካሳ ቢመጣም የሚከፈለው የይዞታ ደብተሩ በስሙ ላለ ሰው ነው። አበዳሪ ሆኖ ተበዳሪው እንዳይከፍለው የሚጸልይ ሰው እዚያ ነው ያየሁት፤ ያውም አጥር ሠርቶ፣ እንሰት ተክሎ፣ እየጾመ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ለዚህ ዓይነት ጸሎት የሚሆን እምነት የለኝም። እርጎውን ጠጥተን፣ መርቀን ወጣን።

የቤት ፍለጋችን ዜና ቤተ ዘመድ ዘንድ ሲደርስ ነገሩ ከከተማ ወደ ዞን ከፍ አለ። እኔ የሶሮ ልጅ ነኝ፤ ጊምቢቹ። ባለቤቴ የከምባታ ልጅ ናት፤ ዱራሜ። አባቴ «በዚህ ብር እኛ ጋ ቤትም ላምም ታገኛለህ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ላሟን ማን እንደሚያልባትና ከዚያ ሆሳዕና ቢሮ እንዴት እንደምደርስ ስጠይቃቸው «እሱ የመንግሥት ነገር ነው» አሉኝ። አማቴ በበኩላቸው ስለ ላም አያነሡም። እሳቸው የያዙት ሐምበሪቾን ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ፣ እላዩ ላይ የሚያደርስ 777 ደረጃ፣ ጠዋት በሩን ሲከፍቱት ፊት ለፊት። «እናንተ ጋ በር ሲከፈት ምን ይታያል?» ሲሉ ጠየቁኝ። የተከራየነው ቤት በር ሲከፈት የሚታየው የሌላ ተከራይ በር ነው፤ አልነገርኳቸውም።

ነገሩ ከብት ወይም ተራራ ብቻ ቢሆን ይቀል ነበር። በመስከረም እኛ ያሆዴን፣ እነሱ መሳላን የሚያከብሩት በአንድ ሰሞን ነው። የአባቴ ቤት አተካና እየተገነፋ የአማቴ በግ ይታረዳል። በተከራየንበት ዓመታት ሁለቱም ወገን «ምስኪኖች፣ ቤት የላቸውም» እያለ ሲቻለን ኖሯል። ቤት የገዛን ቀን ግን ቤቱ የቆመበት አገር ወገን መለየት ይሆናል። ጊምቢቹ ከገዛን አማቴ አኮረፉ፤ ዱራሜ ከገዛን አባቴ የጊደሯን ነገር ያነሣሉ። አንድ ሽማግሌ አጎት «እንግዲያው መሐል ላይ፣ አንጋጫ» ሲሉ አስታራቂ ሐሳብ አቀረቡ። ሁለቱም ወገን ወዲያው ተስማማ፤ እኛም ደነገጥን፤ እዚያ ሥራ ያለው ከሁለታችን አንድም አልነበረምና። የባለቤቴ አክስት ዶዮገናን አነሡ፤ መንገዱ ወደ ሶዶ የሚያልፍ ነው፣ በጉም በመላ አገሪቱ የተመሰገነ ነው። በጉን አደንቃለሁ፤ በበግ ምክንያት ግን ቤት አይገዛም። ሾኔ ያለው ዘመዳችን «እኛ ከሀላባ ሶዶ የሚሄደው አስፋልት ላይ ነን፤ ምን ትፈልጋላችሁ ሌላ?» አለ። ቦኖሻንም የጠቆመ ነበር፤ ቦዮ ሐይቅ በክረምት ወደ ሻሸጎ ማሳ እንደሚመጣ ሳነሣበት «ቤቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው» አለኝ። ደላላም ዘመድም የሚሸጠው ቤት ሁልጊዜ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው።

በዚህ መካከል መንግሥትም የራሱን ሐሳብ ይዞ ገባ። ሆሳዕና በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ 70 ሺህ ያህል ሰው የነበራት ከተማ ናት። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መጣ፤ ተማሪውና መምህሩ ክፍል ክፍሉን ያዘ። በነሐሴ 2015 ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከተማዋ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ አከራይ የሆነ ሁሉ በደስታ፣ ተከራይ የሆነ ሁሉ በሌላ ስሜት እልል አለ። ይሁንና የክልሉ ቢሮዎች በአንድ ከተማ አልተሰበሰቡም፤ ወልቂጤ፣ ወራቤ፣ ቡታጅራ፣ ሀላባ ቁሊቶ፣ ዱራሜም ድርሻ አላቸው። ለፍትሐዊነቱ አንደኛ ነው፤ አንድ ከተማ ሁሉን አይውሰድ። ለቤት ገዢ ግን ራስ ምታት ነው። አንድ የማውቀው ሠራተኛ ሆሳዕና ቤት ሠርቶ ሳያበቃ ምደባው ወልቂጤ ሆነ። የራሱን አከራይቶ እዚያ ተከራየ፤ ከሁለቱ ኪራዮች የሚበልጠው የቱ እንደሆነ ስጠይቀው ርዕስ ቀየረ። አማቴ ይህን ሲሰሙ ተስፋቸው ለመለመ። «የአንተስ ቢሮ ወደኛ አይመጣም?» ብለው ይጠይቁኛል፤ የቢሮው ቁልፍ በኪሴ ያለ ይመስል።

የኛን ጉዳይ የቆረጠው ይህ ሁሉ ክርክር አይደለም፤ የባለቤቴ የሌሊት ተራ ነው። ንግሥት እሌኒ ሆስፒታል ነው የምትሠራው። (እሌኒ ከሀዲያ ሄዳ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሚስት የሆነችው ናት። «እሷም ቤተ መንግሥት የገባችው ገዝታ አይደለም» ትለኛለች ባለቤቴ፣ ተስፋ በቆረጠች ቁጥር።) ሌሊት ወጥታ ሌሊት የምትገባ ሴት ያለችበት ቤት ዳር ላይ ሊሆን አይችልም። ማታ ባጃጅ ከአስፋልቱ ወርዶ ጭቃ አይገባም፤ ከገባም የሚጠይቀው ለመኪና ግዢ የሚበቃ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት፣ የሚመለሱበት፣ ክረምት የሚቀሩበት ሲደመር ርካሹ ቤት በየወሩ ኪራይ የሚከፈልበት ሆኖ አገኘነው፤ ኪራዩን የሚቀበለው ባለ ባጃጁ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ደላሎች «አምስት ደቂቃ» ሲሉ አስተውሉ። ደቂቃው በመኪና ነው፤ መኪናውም በበጋ፤ ሹፌሩም እሱ ራሱ።

ቤት አመራረጥን ያየሁት ከእሷ ነው። እኔ ግቢ ስገባ ካሬ እቆጥራለሁ። እሷ ጀሪካን ትቆጥራለች። ቢጫ ጀሪካን በረንዳው ላይ ተደርድሮ ክዳኑ ሁሉ ከተከፈተ፣ ያ ሰፈር ውሃ ዛሬ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ነው። ክዳኑ ተከድኖ ከላይ ጨርቅ ከተጣለበት፣ ከመጣ የሰነበተ ነው። ጀሪካኑ አቧራ ለብሶ ጥግ ከተጣለ ወይ ውሃው አይጠፋም፣ ወይ ሰዎቹ ሮቶ አስገብተዋል፤ ሮቶ ካለ ደግሞ ውሃው የሚጠፋው ለሳምንታት ነው። ሻጩን አትጠይቅም። ሻጭ ምን ይላል? የምትጠይቀው በአጥር ባሻገር ልብስ የምታሰጣዋን ጎረቤት ነው፤ «እህቴ፣ ለእጄ ትንሽ ውሃ» ብላ። ውሃው የመጣበትን ፍጥነትና የኩባያውን ሙላት አይታ ትመለሳለች። በዚህ ዘዴ ሁለት ውብ ቤቶችን ትተናል። አንደኛው ሴራሚክ ነበረው፤ አሁንም አንዳንዴ ትዝ ይለኛል።

ቀጥሎ የምታየው ወረቀት ነው። እኔ በዚህ ነገር እንደሷ አልጨክንም ነበር፤ ሰው ፊቱ ደግ ከሆነ ካርታ መጠየቅ ይከብደኛል። እሷ ሆስፒታል የለመደችው ነው፤ በሽተኛውን ከማየቷ በፊት ካርዱን ታያለች። ካርታው በማን ስም ነው? ዕዳና እገዳ አለበት ወይ? ማዘጋጃ ያለው ፋይል ከያዙት ወረቀት ጋር አንድ ነው? ባልየው ብቻ ነው የሚሸጠው ወይስ ሚስቲቱም ትፈርማለች? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ሹም ፊት ይሁን ይላል፤ በሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር የለበትም። ሽማግሌ የሚያስፈልገው በኋላ ነው፤ ለመታረቅ።

እንዲህ እያልን ወደ ሄጦ በኩል አንድ ቤት ተገኘ። 140 ካሬ፣ ነባር ይዞታ፣ ካርታ ያለው፤ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤትና ጣሪያ ያልደረሰለት ሰርቪስ። ማንም ፎቶ የማያነሣው ቤት ነው። ጀሪካኖቹ ክፍት ነበሩ። ከጓሮ ጥቂት እንሰት አለ፤ አባቴ በስልክ ሲነገራቸው ስለ ካሬው አልጠየቁም፣ «ስንት እግር ነው?» አሉ እንጂ። አማቴ የዱራሜ መኪና ከሚቆምበት መናኸሪያ ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቀው መልሱ ደህና ሆኖ አገኙት። ሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሽ ተከፍቶ ተስማማ፤ ሽምግልና እንዲህ ሲሆን ነው የሚጸናው።

ግን ካርታው በሟች አባት ስም ነበር። ወራሾቹ እናትየውና ልጆቿ ናቸው፤ ከልጆቹ አንዱ የት እንዳለ መገመት አያቅታችሁም። ፕሪቶሪያ ካለው ኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና ይላክ ተባለ። ልጁ ውክልና ሲጠየቅ መጀመሪያ የጠየቀው «በስንት ነው የሚሸጠው?» ነው። ዋጋውን ሰማ። በነጋታው ደወለ፤ ግቢውን በቪዲዮ አሳዩኝ አለ። የተወለደበትን ግቢ! ወንድሙ ስልኩን ይዞ ሲዞር ባለቤቴ ከምሰሶው ፊት ራሷ ገለል አለች፤ ለምዳዋለች። ከዚያም የፈራነውን ተናገረ፤ «በዚህ ዋጋ ለምን እኔ ራሴ አልገዛውም?»

ጸጥ አለ። እናትየው ስልኩን ተቀበሉ። ብዙ አልተናገሩም፤ የገባኝን ያህል «አንተ ገዝተህ ለማን ነው? ዘበኛ ልትቀጥርልኝ ነው? እነዚህ ልጆቻቸውን ይዘው ዛሬ የሚገቡ ናቸው» አሉት። ቀጥሎ በሀድይሳ ያሉትን ባለቤቴ ባትሰማውም እኔ ሰምቼዋለሁ፤ እዚህ የሚጻፍ አይደለም። ውክልናው መጣ። ውጭ ጉዳይ ማኅተም ተመታበት፤ ውሉ ተፈረመ፤ የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ተከፈለ፤ ሌላም ሌላም ተከፈለ። ስም የማዛወሪያው ቀን እናትየው ለባለቤቴ የእንሰቱን ዕድሜ በየእግሩ እየነገሩ አስረከቡ፤ የትኛው ዘንድሮ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው እንዳይነካ። ይህ ውሉ ላይ አልተጻፈም።

የደላላ ኮሚሽን ሲደርስ የጠበቅነው አንድ ሰው ነበር፤ የመጡት ሦስት ናቸው። አንደኛው ቤቱን ያሳየን ነው፤ ይገባዋል። ሁለተኛው ከዚያ በፊት ሌላ ቤት አሳይቶን ስላልወደድነው «ይህን የወደዳችሁት የኔን ስላያችሁ ነው» አለ። ሦስተኛውን ጨርሶ አናውቀውም። ሥራህ ምን ነበር አልነው።

«ቤቱ እንደሚሸጥ ከሁሉ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ታዲያ?»

«ደርባን ላሉት ደንበኞቼ አልነገርኩም።»

ከሦስቱ አጥብቀን ያመሰገንነው እሱን ነው፤ የሰጠነውም ቆጥሮ «ይበቃል» አለን።